ስበር፣ መልስ፣ ያዝ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም በረንዳዬ ላይ አንሶላ ላሰጣ ስወጣ፣ ታች ግቢው ውስጥ አንድ ጎረቤቴ አዲሱን መኪናውን በኋላ ማርሽ ለማስገባት ይታገላል። መኪናው ከኋላ ካሜራ አለው፤ የሆነ ነገር በተጠጋ ቁጥር ይጮኻል። የግቢው ጥበቃ ግን ለካሜራ የሚተው ሰው አይደለም። ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሁለት እጁን እያወዛወዘ «ና፣ ና፣ ና… ስበር… ስበር… መልስ… ና፣ ና… ያዝ!» ይለዋል። ጎረቤቴ ካሜራውን ይመን ጥበቃውን ይመን ግራ ገብቶት መሃል ላይ ቆመ። እኔ ደግሞ እርጥቡን አንሶላ በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ወደ ቀኝ ሰብሬ፣ መልሼ፣ ቀኝ እግሬ የበረንዳውን ሲሚንቶ እንደ ፍሬን ረግጦት አገኘሁት። ብቻዬን ሳቅኩ።

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ያቆመ ሰው ሁሉ ይህን ጥሪ ያውቀዋል። ና ማለት መንገዱ ክፍት ነው፣ ስበር ማለት መሪውን ጠምዝዝ፣ መልስ ማለት ቀጥ አድርገው፣ ያዝ ማለት ፍሬን ርገጥ ነው። ለሌላው ሰው መኪና ማቆሚያ ነው። እኔን ግን የመኪና ተወዳዳሪ ያደረገኝ እሱ ነው። ዛሬ ልፎክር ስለሆነ ታገሡኝ፤ ትሕትናውን ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ።

ያደግኩት አብነት ነው። አባቴ ሰይድ በልጅነቱ ከወሎ መጥቶ የመኪና ወንበር ልባስ መስፋት የለመደ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥራ ሞክሮ የማያውቅ ሰው ነው። ሱቁ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ደጇ ላይ ከመኪና የወለቁ ወንበሮች ተደርድረው ስለሚውሉ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ፀሐይ የሚሞቁት እዚያ ነበር፤ ባለመኪናው ወንበሩን ሊወስድ ሲመጣ እነሱን በጨዋ ደንብ ማስነሣት የእኔ ሥራ ነበር። ቤታችን፣ ልብሳችን፣ ደብተሬ ሳይቀር ማስቲሽና አዲስ ቆዳ ይሸታል።

አባቴ አንድ ጠባይ ነበረው። የሹፌሩን ወንበር ከሌሎቹ ለይቶ ነው የሚሰፋው። «ሌላው ሰው ይቀመጥበታል፤ ሹፌር ግን ይሠራበታል» ይላል። ሹፌሩ ራሱ መጥቶ፣ ተቀምጦ፣ ጀርባው በሜትር ካልተለካ መቀሱን አያነሣም። ባለቤቱ ሌላ፣ የሚነዳው ሌላ በሆነ መኪና በዚህ የተነሣ ስንት ክርክር አይቻለሁ። «መኪናው የእኔ ነው፤ እኔን ለካ» የሚለው ባለሀብት ይቆጣል፤ አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ «ሹፌርዎን ይላኩልኝ» ብሎ ወደ መኪናው፣ ማለቴ ወደ ስፌት መኪናው ይመለሳል።

ከሱቁ ጀርባ ስፖንጅና ጥቅል ላስቲክ የሚቀመጥባት፣ መስኮት የሌላት መጋዘን ነበረች። ግማሿን የአክስቴ ልጅ ከድር ለምኖ ወሰደ። ከድር ከእኔ ትንሽ ከፍ የሚል፣ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ አራዳ ልጅ ነው። ያኔ ከሜክሲኮ በአብነት አድርጎ መርካቶ የሚገባ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበር፤ ጠዋት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «መርካቶ፣ መርካቶ፣ የሞላ!» ሲል እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጌም ቤት ባለቤት ነው። ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት ያገኘው አሮጌ ኮምፒውተር ነበረው፤ መርካቶ ከአሮጌ ዕቃ መሃል ያወጣው የጌም መሪም ነበረው፣ ከነፔዳሉ። የሰፈሩ ልጆች የሚሻሙት ለኳሱ ጨዋታ ስለነበር መሪው ጥግ ላይ አቧራ ይጠጣ ነበር።

«ሐዩ፣ እስቲ ሞክሪያት» አለኝ አንድ ቀን፣ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሲበተኑ። እኔ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነኝ። ሞከርኳት። በዛፎች መሃል የሚጠማዘዝ የፒስታ መንገድ ነበር፤ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ መኪናዋን ዛፍ አስታቀፍኳት። በነጋታውም እንደዚያው። ልጆቹ «የአባቷ ሥራ እንዲበዛ ነው የምታጋጨው» ብለው ሳቁብኝ። ሳቁብኝ እንጂ ማን እንደሆንኩ አላወቁም፤ እልኸኛ ነኝ።

መጀመሪያ የተማርኩት ቀስ ማለትን ነው። ነዳጅ መርገጥማ ማንም ያውቃል። የት ላይ እንደሚለቀቅ ማወቅ ነው ጣጣው። ኩርባው ሳይደርስ ፍሬን ይዤ፣ ረጋ ብዬ ገብቼ፣ መውጫው ሲታየኝ መርገጥ ጀመርኩ። ከዚያ ዓይኔን ከኮፈኑ ላይ አንሥቼ ሩቅ ማየት ለመድኩ። ከዚያ እጄ ተረጋጋ፤ መሪውን እንደ ሌባ አንቆ መያዝ ቀረ። ጨዋታው ውስጥ ደግሞ አንድ ጥሩ ነገር ነበር፤ ከዚህ ቀደም በጣም የፈጠንኩበት ጉዞ እንደ ጥላ መኪና ሆኖ ከፊቴ ይሄዳል። ስለዚህ የምወዳደረው ከትናንትናዋ ከራሴ ጋር ነበር። ያቺ የትናንትናዋ ሐያት እንዴት እንደምታናድድ አትጠይቁኝ።

ዓመት ሳይሞላ ከሰፈር ልጆች የሚቀርበኝ ጠፋ። የላስቲኩ ፔዳል በእኔ እግር ተሰበረ፤ ከድር ጋራዥ ከፈረሰ ፊያት ላይ የብረት ፔዳሎች ለምኖ አመጣ፣ ሽቦውን እንዳለ አዛወርነው። ፍሬኑ ሲረገጥ የሚመልሰው ነገር ስላልነበረው ከሥሩ ከአባቴ ስፖንጅ ቆርጠን አደረግንበት፤ ለሳሎን ሶፋ ከሚሆነው፣ በጣም ለስላሳ ከሆነው። እግሬ ሲሰምጥበት ደስ ይለኛል። ይህን ስፖንጅ አትርሱት፤ በኋላ ጉድ ይሠራኛል።

ጠዋት ከድር የገዛልኝን እርጥብ እየበላን (ዳቦ መሃል የገባ ድንችና ቃሪያ ነው፤ አብነት ላይ ያንን ሳይበላ ያደገ የለም) አንድ ቀን አወጣሁት።

«እውነተኛ መኪና እወዳደራለሁ።»

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። አፉን ጠርጎ «እኔስ?» አለኝ።

«አንተማ ረዳት ነህ።»

«ይሁን» አለና እርጥቡን ቀጠለ። ነገሩ በዚህ ተቋጨ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩበት ክረምት መብራት በፈረቃ ሆነ። አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። የጌም ቤት ባለቤት ሁሉ ሲያማርር ከድርም አማረረ። እኔን ግን ሌላ ነገር ያስጨንቀኝ ነበር፤ እጄ ይረሳል ብዬ ፈራሁ። እናም መብራት በሌለበት ቀን ጨለማው መጋዘን ገብቼ፣ በሞተው ስክሪን ፊት ተቀምጬ፣ መሪውን ይዤ መንገዱን በሐሳቤ መንዳት ጀመርኩ። ከድር ሲያየኝ መጀመሪያ አዘነልኝ። ከዚያ ተሳሳትሽ ማለት ጀመረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላዬ ቆሞ ስላየኝ መንገዱን ከእኔ እኩል ያውቀዋል። ረዳት ደግሞ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረው፣ ማን የት ይወርዳል የሚለውን ያለ ወረቀት በጭንቅላቱ ይዞ የሚውል ሰው ነው፤ ኩርባ መያዝ ለእሱ ምን አላት?

«ቆይ እኔ ልጥራልሽ» አለ። በሚያውቀው አንድ አጠራር መንገዱን ጠራው።

«ና፣ ና፣ ና… ያዝ… ስበር ቀኝ… መልስ… ና፣ ና… ጉብታ አለ… ስበር ግራ፣ ስበር፣ ስበር… መልስ።»

ሴት መሆኔን የሚያስታውሰው ጥሪው ሲያልቅ ነበር። ለዓመታት ሹፌር ሲጠራ የኖረ አፍ ነው፤ እኔም አላረምኩትም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እግሬ ስፖንጁ ውስጥ ይሰምጣል፣ እጄ ይዞራል። ጉብታው ላይ ሲደርስ ወንበሩን በጉልበቱ ይመታልኛል። ሲደክመን ደጅ ወጥተን የበቆሎ እሸት እየጠረጠርን እንከራከራለን፤ «አዘገየኸው»፣ «አንቺ ቸኮልሽ»። በማግሥቱ መብራቱ ሲመጣ ጥላዬን ጥዬው እሄዳለሁ። በጨለማው ቀን ማግሥት የማልበልጠው ጥላ አልነበረም።

ኢንጂነር ጌታነህ የመጡት እንደዚህ ባለ ቀን ነው። ሥራቸው ሕንፃ፣ ፍቅራቸው የመኪና ውድድር የሆነ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ የአባቴ የቆየ ደንበኛ ነበሩ። የውድድር መኪናቸውን ወንበር ሊያስለኩ መጥተው ሳለ ከመጋዘኑ ውስጥ የከድርን ጩኸት ሰሙ። መጋረጃውን ገለጡት። ያዩት ነገር ይህ ነው፤ ድቅድቅ ባለ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ዓይኗን ጨፍና ከምንም ጋር ያልተገናኘ መሪ ታሽከረክራለች፤ አንድ ጎረምሳ ከኋላዋ ቆሞ «ስበር! ስበር!» ይላል።

«ጋሽ ሰይድ» አሉ ወደ አባቴ ዞረው፣ «እነዚህ ልጆች ደኅና ናቸው?»

«መብራት ሲመጣ ይሻላቸዋል» አለ አባቴ፣ ከስፌቱ ቀና ሳይል።

ነገሩ ግን አላስተኛቸውም መሰለኝ፣ በማግሥቱ ተመልሰው መጡ። መብራት አለ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ሞከሩት፤ ዛፍ አቀፉ። ደግመው ሞከሩ። ከዚያ ተነሥተው «እስቲ አንቺ» አሉኝና መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ስነዳው ቆመው አዩ።  ወጥተው ከአባቴ ጋር ማውራት ጀመሩ። እኔና ከድር ከመጋረጃው ጀርባ ጆሯችንን ተክለናል።

«ለጀማሪዎች ምድብ አሮጌዋን ዲኤክስ መኪናዬን ላስገባት ነበር፤ ሹፌር የለኝም። ልጅዎን ልሞክራት?»

 የስፌት መኪናው ቆመ፤ ያ መኪና ቀን ቆሞ አያውቅም።

የእኔ ነገር ቀድሞ ተቆርጦ ነበር። መርካቶ ያለው አጎቴ ጨርቅ መሸጫው ውስጥ ካሸር እንድሆንለት ጠይቆ፣ አባቴም እሺ ብሎታል። ክፉ ሥራ አይደለም። እኔ ግን ያቺን ከመስታወት ኋላ ያለች ወንበር ባሰብኳት ቁጥር ትንፋሽ ያጥረኛል።

«ሐያት» ብሎ ጠራኝ። ወጣሁ። «መንጃ ፈቃዱን ይጠቅምሻል ብዬ አወጣሁልሽ። የጓዳውን ጨዋታም ታገሥኩሽ። አሁን አንድ ጊዜ እውነተኛው ላይ ተወዳደሪ። ከድርም አብሮሽ ይሁን። ከሰው እኩል ከገባሽ ጥሩ፤ ካልሆነ መሪውን አውርደሽ አጎትሽ ጋ ትገቢያለሽ። ተስማማን?»

«ተስማማን፣ አባዬ።»

መስከረም ሊያልቅ ሲል ከሰበታ ወዲያ ወዳለ ሜዳ ወሰዱን። መንገዱ ዳር ሁሉ አደይ ነው። ኢንጂነሩ አሮጌ ጎማዎች ደርድረው ኩርባ አበጅተዋል። ከጎኔ ተቀመጡ፣ ቀበቶአቸውን ሁለት ጊዜ ፈተሹ፣ «ሂጂ» አሉ። ሄድኩ። ዲኤክሷ ስትነሣ የሞተሩ ድምፅ ሆዴ ውስጥ ገባ፤ መጋዘኑ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው ኩርባ መጣ። ፍሬን ያዝኩ፤ ሁልጊዜ እንደምይዘው፣ እግሬን እስከ ታች አሰመጥኩት።

የሚሰምጥበት ነገር ግን አልነበረም። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ተያዙ፤ መኪናዋ መሪ አልሰማም ብላ ተንሸራታ ጎማውን ዘለለች፣ ሣር ውስጥ ገባች፣ አደይ አበባ መሃል ሄዳ ቆመች። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ኢንጂነሩ በመጨረሻ ሄልሜታቸውን አወለቁና ላባቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ፍሬን ነው የምትረግጪው ወይስ ጤፍ ነው የምታበራዪው?»

ወደ አብነት ስንመለስ የመኪናዋ አፍ ላይ የተሰካውን አደይ ማንም አላነሣውም።  እኔ በመስኮቱ እያየሁ አለቀስኩ። በሁለት ዓመት ልምምድ እግሬን ያስተማርኩት ስፖንጅ መርገጥ ነበር። የወንበር ሰፊ ልጅ ካልሆነች ማን እንዲህ ያለ ስሕተት ይሠራል?

ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት። ይኸው፣ አልሆነም ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ከወንበሩ ተነሥቶ መጋዘን ገባ፣ ተንበረከከ፣ ፍሬኑ ሥር ያለውን ስፖንጅ በጣቱ ጫን ጫን አደረገው። ስለ ስፖንጅ የማያውቀው ነገር የለም።

«ይሄ ለእንግዳ ማረፊያ ነው» አለ። አውጥቶ ወረወረው። ደጅ ሄዶ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ወፍራም ቁራጭ ይዞ መጣ፣ በካራ አስተካክሎ በቦታው ሸጎጠው። «ርገጪ።»

ረገጥኩ። ግድግዳ የረገጥኩ መሰለኝ።

«አሁን በእግርሽ ሳይሆን በጣትሽ ነው የምትይዢው። ስስ ቆዳ ላይ መርፌ እንደማስገባት ነው፤ ከጨከንሽ ይቀደዳል።» ይህን ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከድር ወደ እኔ አየ፣ እኔ ወደ እሱ አየሁ። ለመሪው ቀርቶ ለክፍሉ እንኳ ፊት ሰጥቶት የማያውቅ ሰው ነበር።

እግሬን እንደ አዲስ አስተማርኩት። መብራት ባለበት ቀን ከጥላዬ ጋር፣ በሌለበት ቀን ከከድር ጋር። ጥላዬ መጀመሪያ ጥላኝ ሄደች፤ ኅዳር ላይ ደረስኩባት፤ ከዚያ በኋላ ከኋላዬም አላየኋት። ኢንጂነሩ አንድ ዕድል ጨመሩልን። ያን ቀን ሜዳው ላይ ያሉትን ጎማዎች አንድም ሳልነካ ዞርኩ። ሲወርዱ በሩን ዘግተው በመስኮቱ አጎንብሰው «ወንበሯን ግን ለአባትሽ ስጪው፤ በእኔ ልክ ነው የተሰፋችው፤ ስትዞሪ ስትዋኚ አየሁሽ» አሉኝ።

ወንበሩን አባቴ ደጅ አስቀመጥኩት።  ቀናት አለፉ፤ ሌሎች ወንበሮች እየተሰፉ ሄዱ፤ የእኔ ላይ ግን ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ሲሞቁ ይውላሉ። ልቤ ተሰበረ። በውድድሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ የአሱርን ሶላት ሰግዶ መጣ፣ ሽማግሌውን ራሱ አስነሣቸው፣ ወንበሩን ወደ ውስጥ አስገባ።

«ተቀመጪ» አለኝ።

ተቀመጥኩ። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ትከሻዬን ለካ፣ ጎኔን ለካ፣ ከወገቤ እስከ አንገቴ ለካ። ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ «ወደ ግራ ዘንበል በይ… በቀኝ… መሪ እንደያዝሽ ሁኚ» ይለኛል። በዚያ ሱቅ ውስጥ ስንት ሹፌር ሲለካ አይቻለሁ፤ እኔ ተለክቼ አላውቅም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እሱ አላየም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ። ፀሐይ ሳትገባ ሰፍቶ ጨረሰው። ስቀመጥበት ወንበሩ እንደ ሰው ያዘኝ።

ታኅሣሥ ነው። የውድድሩ ሜዳ ስንደርስ መንገድ ዳር ሽምብራ እሸት እየሸጡ ነበር፤ እናቴ የቋጠረችልን ዳቦና ቅቅል እንቁላል ግን አንዱም አልወርድ አለኝ። ከድር የእኔንም ጨምሮ በላ። ቀደም ሲል ሁላችንም መንገዱን በእግር እንድንዞረው ተፈቅዶልን ነበር። ከየሹፌሩ ጎን ተቀምጠው መንገዱን የሚጠሩት ሌሎቹ ረዳቶች ኩርባዎቹን በወረቀት ጻፉ። ከድር እጁን ኪሱ ከቶ እየተራመደ «እዚህ ቦይ አለ፣ ወገብ ያነሣል… እዚህ የድንጋይ ድልድይ፣ ድምፁ ይለወጣል…» እያለ ያንሾካሽክ ነበር። እኔን እንደ ተሳፋሪ፣ ኩርባዎቹን እንደ ፌርማታ ይዟቸዋል።

ዕጣ ሲወጣ የመጨረሻዎቹ ሆንን። እያንዳንዱ መኪና ብቻውን ነው የሚለቀቀው፤ አንዱ ማለፉ ሲነገር ሌላው ይከተላል፤ ሰዓቱ ያሸንፋል። ያን ቀን ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም። ነጩ አቧራ ከመሬት ተነሥቶ ሸለቆው ውስጥ ተንሳፈፈ፣ አልሄድም አለ። ከእኛ የቀደሙት እየተነፈሱ፣ ዓይናቸውን እያሹ ይመለሳሉ። አንዱ «መንገድ የለም፣ በእግር ነው የሄድኩት በለው» ሲል ሰማሁት።

ሻሼን አጥብቄ ሄልሜቱን አጠለቅኩ። ባንዲራው ወረደ።

የመጀመሪያው ክፍል ይታያል፤ ወደድኩት። ቁልቁለቱን ወርደን ሸለቆው አፍ ስንደርስ ግን ከፊቴ ያለው ሁሉ ነጭ ሆነ። ኮፈኑ ጠፋ። ዛፉ፣ ዳሩ፣ ሰማዩ ጠፋ። እግሬ ከነዳጁ ላይ ሊነሣ ሲል ያ ድምፅ መጣ። አልጮኸም፤ ዝናብ በሌለበት ቀን መጋዘን ውስጥ በሚያወራበት ድምፅ ነው።

«ና፣ ና… ያዝ… ስበር ግራ… መልስ።»

ሰበርኩ። መለስኩ። መንገዱ ነበረ።

«ና፣ ና፣ ና… አሁን ቦይ…» ወገባችን ተነሣ። «ስበር ቀኝ፣ ስበር፣ ስበር… መልስ… ልቀቃት።»

የት እንዳለሁ ያወቅኩት ያኔ ነው። ይህ እኮ ፈረቃ ነው። መብራት የጠፋበት ቀን ነው። ክረምቱን ሙሉ እዚህ ነበርኩ። ሌሎቹ ወረቀታቸውን በአቧራና በመንቀጥቀጥ መሃል ማንበብ አቅቷቸው በቆሙበት ሸለቆ ውስጥ እኔና ከድር ቤታችን ነበርን። የአባቴ ወንበር ጎኔን ይዞኛል፤ መኪናዋ ልትንሸራተት ስትል ዓይኔ ሳይሆን ጀርባዬ ይነግረኛል። ድልድዩ ላይ የጎማው ድምፅ ተለወጠ።

«ድልድይ… ያዝ፣ በስሱ… ስበር ግራ… መልስ… ና! ና! ና!»

ከአቧራው ስንወጣ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ነበረች። ነዳጁን እስከ ታች ረገጥኩት፤ እሱ ግን መስመጥ ያለበት ነው። መጨረሻውን አልፈን ሞተሩን ሳጠፋ ጆሮዬ ጭር አለ። የከድር አፍ በአቧራ ነጥቷል።

«የሚወርድ አለ?» አለኝ።

እስከ ዛሬ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ሰሌዳው ላይ ሰዓት ሲለጠፍ ሰው ተሰብስቧል፤ እኔ ለመቅረብ ፈራሁ። ኢንጂነሩ ሰውን እየገፉ ሲመጡ ፊታቸውን አይቼ አወቅኩ። ከጀማሪዎች አንደኛ ነን፤ ከእኛ ቀጥሎ ያለው ደግሞ በጣም ሩቅ ነው። «የበላዩ ምድብ ውስጥ ብትሆኚም አታፍሪም ነበር» አሉኝ። ጨበጡኝ፤ ከዚያ ጭብጨባው መጣ፣ ከድርን ወደ ላይ ወረወሩት፣ ቀጭን ስለሆነ በቀላሉ ነው የሄደው።

በዚያ ሁሉ መሃል አባቴን አየሁት። ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ከእናቴ ጋር በሚኒባስ ተሳፍሮ መጥቷል። ወደ እኔ አልመጣም። በቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄዶ በሩን ከፈተ፣ አጎነበሰ፣ የወንበሩን ስፌት ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ አቧራውን አራገፈ። ከዚያ ቀና ብሎ መጣ። እጁን ትከሻዬ ላይ፣ ትናንት በለካበት ቦታ ላይ አሳረፈ።

«አጎትሽን ሌላ ሰው ይፈልግ እለዋለሁ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተወዳድሬያለሁ። ያሸነፍኩበትም የተሸነፍኩበትም አለ፤ መደርደሪያዬ ላይ ዋንጫዎች አሉ፣ ሲያስፈልግ ለእንግዳ አሳያለሁ። ከድር እስከ መጨረሻው ከጎኔ ነበር፤ አሁን የራሱ ሚኒባሶች አሉት፣ ረዳቶቹን በአጠራራቸው ይገመግማቸዋል። እኔ መንዳት አስተምራለሁ። የግቢያችን ወጣቶች ዛሬ በጣም የሚያምር መሪና ፔዳል አላቸው፤ ሲጋብዙኝ እሄዳለሁ፣ አሸንፋቸዋለሁ፣ ከዚያ አንድ ነገር እመክራቸዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ስክሪኑን አጥፉት። ያ ክረምት ቢደላኝ ኖሮ፣ መብራቱ ባይጠፋ ኖሮ፣ ዛሬ ያቺ መስታወት ኋላ ያለች ወንበር ላይ ነበርኩ ብዬ አስባለሁ። የጎደለን ነገር ያኔ አስለቅሶን ነበር፤ ያሸነፍነው ግን በእሱ ነው።

ያ ወንበር አሁን ሳሎኔ ውስጥ ነው። አባቴ አብሮኝ ነው የሚኖረው፤ አርጅቷል፤ ከሌላው መቀመጫ ሁሉ እሱን ይመርጣል፣ ጠባብ ነው እያለ ያማርራል። ጥበቃው ጎረቤቴን ባስጨነቀው ማግሥት ጁምዓ ነበርና እንደ ወትሮው ወደ መስጊድ ወሰድኩት። ስንመለስ ግቢው ሞልቶ በሁለት መኪና መሃል አንዲት ጠባብ ቦታ ብቻ ቀርታለች። አባቴ በሩን ከፈተ።

«ቆይ፣ ልውረድ» አለ።

«አባዬ፣ ካሜራ አለው እኮ።»

«ካሜራ ምን ያውቃል?» ብሎ ወረደ። ከዘራውን ተደግፎ ከኋላዬ ዞረ፣ ቆመ፣ ነፃ እጁን አነሣ። ካሜራው ጩኸቱን ጀመረ። አጠፋሁት፣ መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ።

«ነይ» አለኝ ያ ያረጀ ድምፅ። «ነይ፣ ነይ… ስበሪ… መልሺ።»

ዓይኔን ጨፍኜ መለስኩ።